ፊት የሚያሳምረው ካሜራ

ካሜራው በተገዛ ዕለት ሸምሱ ሱቅ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ባለ ሱቁ ሸምሱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ ላሊሶ፣ ሸምሱ ባወጣላቸው ወንበር ላይ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጃችን ተመስገን፣ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ከወንበራቸው ጀርባ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። እኔ የቢሮው ጸሐፊ ነበርኩና ፕሮፎርማዎቹን ይዤ መደርደሪያው ጥግ ቆሜያለሁ። የመስክ ሠራተኛችን ታደለች ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ካሜራ እያገላበጠች ነው። ከመስክ በቀጥታ መምጣቷ ስለነበር ጭቃ የያዘውን ቦቷን ደጅ አውልቃ፣ በፌስታል ይዛው የምትዞረውን ጥቁር ጫማ አድርጋ ነበር የገባችው።

ከእነዚያ ሰዎች ጋሽ ላሊሶ አርፈዋል። ታደለች ከተማችንን ሶዶን ለቃለች። ሰው ሲጠይቀኝ «ዲምቱ ናት ይላሉ» እላለሁ። አላረጋገጥኩም።

ፕሮጀክታችን የድሃ ልጆችን ይረዳል። ገንዘቡ ከውጭ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ባሕር ማዶ የሚረዳው ሰው አለ። ያ ሰው በየዓመቱ የልጁን ፎቶ ይፈልጋል። ልጅ ሲታመም ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ዋና ቢሮ ፎቶና ሪፖርት አይቶ ነው ለሕክምና የሚፈቅደው። ፎቶ የሌለው ልጅ ለእነሱ የለም ማለት ነው። የድሮው ካሜራችን ሞቶ ነበር፤ በግል ስልክ የልጅ ፎቶ ማንሳት ደግሞ በፕሮጀክቱ ደንብ ክልክል ነው። ደንቡን ቢሮው ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ራሷ ታደለች ናት። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ፊቱ ቆማ የምታስረዳውም እሷ ነበረች። «የሰው ልጅ ፊት በየሰው ኪስ አይዞርም» ትል ነበር።

ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ድምፅዋን የማታነሳ ሴት ነበረች። አንድ ሳምንት ዳሞታ ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ትዞራለች፤ ሌላውን ሳምንት በሚኒባስ እስከ ተበላ ከተማ ሄዳ፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ሁምቦ ቆላ ትወርዳለች። ቦቱ የፕሮጀክቱ ንብረት ነው። ጥቁሩ ጫማ የራሷ ነው። እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ቦቷን አውልቃ ጫማዋን ታደርጋለች፤ ስትወጣ መልሳ ትቀይራለች። በቀን ስንት ቤት እንደምትገባ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል።

«አንቺ፣ ወለሉ እኮ አፈር ነው» አላት አንድ ጊዜ ተመስገን።

«ታዲያ ለሴራሚክ ነው የሚወለቀው?» አለችው።

ፎቶ ስታነሳ ትንበረከካለች። ልጅ ቁልቁል ታይቶ አይነሳም ትላለች። እናቶች ለፎቶ ቀን ደህና ሹራብ ከጎረቤት ይዋሳሉ፤ ሹራቡ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሚኒባሱ ያመልጣታል፣ አትነሳም። ከዚያ ልጁን በወላይትኛ «እኔን እይ፣ ካሜራውን ተወው» ትለዋለች፤ ልጁም እሷን ያያል። እኛ ዘንድ የተነሱ ልጆች ዓይን የፈራ አልነበረም።

እንግዲህ ሸምሱ ባንኮኒው ላይ ሦስት ካሜራ ደርድሯል። አንዱ ትልቅ ነው፣ ሌንሱ የሚፈታ።

«ይቺ የሠርግ ናት» አለ ሸምሱ። «ለእናንተ አታዋጣም። አንድ ቀን ከሞተር ላይ ከወደቀች በቃ፣ ማልቀስ ነው።»

ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ጥግና ጥጉ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ሦስተኛው አዲስ፣ ቀይ፣ ከካርቶኑ ገና የወጣ፣ ስክሪኑ ላይ ላስቲኩ ያለበት ነው። የአሮጌውና የቀዩ ዋጋ ተቀራራቢ ነበር፤ ሁለቱም አቅማችን ውስጥ ናቸው።

ታደለች መጠየቅ ጀመረች።

«ባትሪው ቢያልቅብኝስ?»

«ቀዩ ቻርጀር አለው። አሮጌው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ የትም ኪዮስክ ታገኛለሽ።»

«ቆላ ውስጥ ቻርጀሬን የት ልሰካው ነው? ግራር ላይ?»

ሸምሱ ሳቀ። እሷ ሁለቱንም ይዛ ደጅ ወጣች፤ ፀሐይ ላይ ስክሪናቸው መታየት አለመታየቱን አየች። ተመልሳ የግራ መዳፏን በሁለቱም አነሳች። የመዳፏ መስመሮች በሁለቱም ጥርት ብለው ወጡ። «ይኼ ይሻለኛል» ብላ አሮጌውን ወደ ራሷ ሳበች።

«ቆይ እንጂ» አለ ተመስገን። «ሰው ሳናነሳበት? ጋሼን እናንሳቸው።»

በእኛ ዘንድ ነገር ሁሉ ከታላቅ ይጀመራል፤ ምግቡም፣ ጸሎቱም። ካሜራም ሲሞከር በታላቅ ነው የሚሞከረው። በልጅ ይሞከር ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ቢያስብም አይናገረውም።

በመጀመሪያ በአሮጌው ተነሱ። ጋሽ ላሊሶ አዩትና «እርጅና» ብለው መለሱት። ከዚያ ሸምሱ ቀዩን አነሳ፤ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ አነሳቸው። የወጣው ፎቶ ሌላ ነበር። ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ግንባራቸው ተወልውሏል፣ ቆዳቸው ፈካ ብሏል።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ሆነዋል እኮ!» አለ ተመስገን።

«ማሻአላህ» አለ ሸምሱ።

ጋሽ ላሊሶ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩ። «ጌታ ይባረክ» አሉ። «ዕቃ ማለት ይኼ ነው።»

ታደለች ጎንበስ ብላ ተመለከተች። «ያምራል ጋሼ» አለች። «ግን እርስዎ አይደሉም።»

ተመስገን እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ተመስገን።

«ጠባሳቸው የታለ?»

ጋሽ ላሊሶ ከቅንድባቸው በላይ ጠባሳ አላቸው። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረው የተመቱበት ነው፤ ሲሰብኩ በጣታቸው ይነኩት ነበር። ፎቶው ላይ ጠባሳው እንደ ጥላ ሆኖ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እሳቸውም አስተዋሉት መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ሰማይ ቤት ስገባ እንዲህ ነው የምሆነው። ካሜራው ቀድሞ አየኝ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ቀዩ ካሜራ ተገዛ።

ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። ሽማግሌን በሰው ፊት «እርስዎ አይደሉም» ማለት ከባድ ነው ተባለ። ተመስገን ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ አላት፤ አብሬያት ሄድኩ። ጋሽ ላሊሶ ቤት ፎቶው ታጥቦ በፍሬም ተሰቅሏል። እሷ ከሥሩ ቆማ ጎንበስ ብላ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። እሳቸውም መረቋት፤ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው ቦይና በዳጣ ቀርቦልን በላን። ስንመለስ መንገድ ላይ ፌስታሏን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስታዛውር አየሁ።

የዓመቱ ፎቶ በቀዩ ካሜራ ተነሳ። ልጆቹ ሁሉ አማሩ። ዋና ቢሮውም ተደሰተ፤ «ጥራቱ ጥሩ ነው» ብለው ጻፉልን።

ቃልኪዳን የታመመችው ከዚያ በኋላ ነው። ከዳሞታ ሥር ካለ ቀበሌ የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አፍንጫዋ ጎን ጉንጯ ላይ ትንኝ የነከሳት የመሰለ ነገር ወጣ፤ አልደርቅ አለ፤ እየሰፋ ሄደ። ጤና ጣቢያው ቅባት ሰጣት። ቅባቱ አልሠራም። ነርሷ ታደለችን ለብቻዋ ጠርታ፣ መድኃኒቱ እዚህ እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ወስደው ቶሎ መርፌ ካላስጀመሯት አፍንጫዋን እንደሚበላው ነገረቻት። እናቷ ዓለሚቱ ገበያ ቦይና የምትሸጥ ሴት ናት። አዲስ አበባ ሄዶ መክረም ለእሷ የሚታሰብ አይደለም። ያለው መንገድ የእኛ ፕሮጀክት ብቻ ነበር።

ታደለች በቀዩ ካሜራ አነሳቻት፤ ሪፖርት ጻፈች፤ እኔ ተየብኩት፤ ተላከ። መልስ መጣ፤ «ሪፖርቱ ከባድ ቁስል ይላል። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ቀላል ነው። በአካባቢው ይታከም።»

ፎቶውን ከፍተን አየነው። ቁስሉ ገርጥቶ፣ ጠርዙ ጠፍቶ፣ ልጅቷ ፊቷን ዱቄት የነካት ትመስላለች።

ታደለች በማግሥቱ ተመልሳ ወጣች። በእኩለ ቀን ፀሐይ አነሳቻት። ጥላ ውስጥ አነሳቻት። በር ላይ አቁማ በጎን አነሳቻት። ሙሉ ፊት በተነሳ ቁጥር ቁስሉ ይሸሻል። በመጨረሻ በጣም ተጠግታ ቁስሉን ብቻ ስታነሳው እንዳለ ወጣ፤ ቀይ፣ ጥልቅ፣ ጠርዙ ያበጠ። ደስ ብሏት መጣች። ላክነው። መልሱ፣ «የማን ጉንጭ እንደሆነ አይታወቅም። ሙሉ ፊት የሚያሳይ ይላክ» የሚል ነበር። ሁለቱን ፎቶዎች አንድ ላይ ላክናቸው። ይኼኛው መልስ አጭር ነበር፤ «የአንድ ልጅ አይመስሉም።»

ያን ስታነብ ታደለች ከአጠገቤ ቆማ ነበር። የእስክሪብቶውን ክዳን ነከሰችና «አይመስሉማ» አለች።

ካሜራው ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷታል። ጽሑፉ ግን እኛ በማናነበው ቋንቋ ነው፤ ቁልፍ ነክተን እንዳናበላሸውም ተመስገን አስጠንቅቆናል። ላስቲኩ እንኳ ከስክሪኑ ላይ እንዳይነሳ ያለው እሱ ነው። ሸምሱ ሱቅ ሄደች። ተዘግቷል፤ ለአረፋ ወደ ስልጤ አገሩ ገብቷል፣ መቼ እንደሚመለስ ጎረቤቶቹ አያውቁም። ወደ ተመስገን ሄደች።

«ካሜራው ፊት ያሳምራል» አለችው። «ቁስሉን እየደበቀብኝ ነው።»

«ማሳመሩ ጥፋት ሆነ? ዋና ቢሮው እኮ አመስግኖናል።»

«ለጤነኛ ልጅ ይሆናል።»

«ታዱ፣ ኮሚቴ የገዛው ዕቃ ነው። ጋሼ መርጠውት። አሁን ይኼ ካሜራ ይዋሻል ብዬ ልጻፍ? ያን ነገር ልትቀሰቅሺው ነው? ደግመሽ ሞክሪ።»

ዓለሚቱ በየገበያው ቀን ቅርጫቷን እንዳዘለች ወደ ቢሮ ብቅ ትላለች። አትገባም፤ ደጅ ትቆማለች።

«መልስ መጣ?»

«ይመጣል» ትላታለች ታደለች።

አንድ ቀን ልጅቷን ይዛት መጣች። ሻሽ አልብሳታለች። ሻሹን ስትገልጠው ቁስሉ የአፍንጫዋን ክንፍ ይዞታል። ያየሁትን መጻፍ አያስፈልግም። ዓለሚቱ በወላይትኛ ተናገረች፤ እንደሚከተለው ነው ያለችው፦

«ትናንት መስታወት ስጪኝ አለችኝ። የለንም አልኳት። ከጎረቤት ልዋስ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ታደለች ካሜራውን ከፍታ ተንበረከከች፤ «እኔን እዪኝ» አለቻት። አነሳቻት። ዓለሚቱ በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ ስክሪኑን አየች፤ ፊቷ በራ።

«እንዲህ ነበረች!» አለች። «ይቺማ ልጄ ናት፣ ያኔ። ይኼን አጥበሽ ስጪኝ። ሌላ አልፈልግም፣ ይኼን ስጪኝ።»

ታደለች ካሜራውን አጠፋችው። ለረጅም ጊዜ እንደተንበረከከች ቀረች። ከዚያ ተነስታ ከጃኬቷ ኪስ ስልኳን አወጣች። ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ ደንቡ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር አቆመቻት፤ እንደገና ተንበረከከች። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳች። ስልኩን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ ይቺን ከሪፖርቱ ጋር ያያይዙልኝ።»

ወደ ግድግዳው አየሁ።

«ደንቡን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

አያያዝኩት፤ ላክሁት። እሷ ከስልኳ አጠፋችው፤ መጥፋቱን ለዓለሚቱም ለእኔም አሳየችን።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ሁለት ነገር ይዞ ነበር። የመጀመሪያው፣ ልጅቷ በአስቸኳይ ከእናቷ ጋር ትምጣ፣ ወጪው ተፈቅዷል ይላል። ሁለተኛው፣ ይህ ፎቶ በምን መሣሪያ እንደተነሳ ይገለጽ ይላል።

ቃልኪዳንና እናቷ በሁለተኛው ቀን ሄዱ። ታደለች መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው። ልጅቷ ታክማለች፤ ቁስሉ ቆሟል። የአፍንጫዋ አንድ ጎን ግን ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ እሱን የሚመልስ መርፌ የለም።

ሸምሱ የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነው። ካሜራውን ይዤለት ሄድኩ። አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ የነበረች ትንሽ የፊት ምልክት ጠፋች።

«ይኼ እኮ ማሳመሪያው ነው» አለ። «ያን ቀን ሽማግሌው ደስ እንዲላቸው ብዬ ከፈትኩት። እስካሁን እንደተከፈተ ነው? እትዬ፣ ለሕክምና መሆኑን ብትነግሩኝ ኖሮ!»

ለሙከራ እኔን አነሳኝ። ዕድሜዬ ሁሉ አንድም ሳይጎድል ወጣ። ሸምሱ ስለ ልጅቷ ሲሰማ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ደንበኛ ሲገባ እንኳ አልተነሳም።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት፤ ነገሩ ለታደለች ይጠቅማታል ብዬ። የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተመስገን ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ካሜራው ጤነኛ ነው» አለ። «ስለዚህ ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው። ጤነኛ ካሜራ እያለ በግል ስልክ ልጅ ተነስታለች። ዋና ቢሮው ከባድ ጥፋት ብሎታል። ማን ነው የላከው?»

«እኔ» አለች ታደለች።

«የላክሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ጡረታዎን ይጠብቁ» አለኝ። ስሜ ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲገባ አልፈለገም።

ጋሽ ላሊሶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚመታ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጣታቸው ቅንድባቸው ላይ ነበር።

«ልጄ ታደለች» አሉ። «ልጅቷ ሄዳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም በይና እኛ እንጻፍላቸው። በአንድ ቃል ያልቃል። ያን ጊዜም ብለሻል።»

«ብያለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያስ?»

«ያን ጊዜ የነካሁት የእርስዎን ክብር ነበር፤ ይቅርታ ማለት አልከበደኝም። አሁን ሁለተኛ አይለመደኝም ካልኩ እዋሻለሁ። ነገ ሌላ ልጅ መጥታ ዕቃው ቢደብቅብኝ፣ በስልኬ አነሳታለሁ።»

«ታዱ፣ ተይ» አለ ተመስገን። ድምፁ ልመና ነበረው። «የሁለት ልጆች እናት ነሽ። የት ትሄጃለሽ? በዚህ ጊዜ ማን ይቀጥርሻል?»

«አላውቅም» አለች።

ጋሽ ላሊሶ ጠበቁ። ሁላችንም ጠበቅን። ታደለች ወደ ግድግዳው፣ ወደ ወረቀቱ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ንብረት ላስረክብ» አለች።

የመስክ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ጃንጥላውን ከጎኑ አስደገፈች። የቢሮውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥታ ካሜራው አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ቦቱን አመጣችው። በጨርቅ ጠርጋው ነበር። ጥንዱን አስተካክላ በሩ ሥር፣ አፉን ወደ ግድግዳው አዙራ አቆመችው።

ዝናቡ አልቆመም፤ ግቢው ጭቃ ነበር። ጥቁሩን ጫማ እንዳደረገች ወጥታ ሄደች።